ማንነትዎ አልተረጋገጠም

በ2005 ዓ.ም. ፍልሰታ በገባ በሦስተኛው ቀን ጠዋት ክንዱ ከደብረ ታቦር ደወለልኝ። ክንዱ አክታ የሚመረምር የላብራቶሪ ሰው ነው። ሌላ ጊዜ ቢሆን ስለ ዝናቡ፣ ስለ እናቴ፣ ስለ መንገዱ ሳይጠይቅ ወደ ጉዳዩ አይገባም። የዚያን ዕለት ግን «ዕፀገነት፣ የወገዳው ደብዳቤ እስካሁን አልተከፈተም» ብሎ ጀመረ።

«የትኛው ደብዳቤ?»

«ዘጠኝ ቀን የሆነው። መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ነው፤ በሽተኛው የሚውጠው ክኒን አይሠራለትም። እሱም እያለቀ ነው፣ በአንድ ቤት አብሮት የሚተነፍሰውም ሰው ሊያዝ ነው። ዛሬውኑ ተነግሮት ወደ ጎንደር መሄድ አለበት። ለአንዳርጌ ብደውል ብደውል አያነሳም።»

«በሽተኛው ማን ነው?»

«እሱን ለአንዳርጌ ብቻ ነው የምናገረው። ምለናል እኮ» አለና ዘጋው።

ሥራዬን ባጭሩ ልናገር። ነፋስ መውጫ ላይ አንዲት ክፍል ቢሮ ነበረችኝ። ለጋይንት፣ ለስማዳና ለእስቴ ሠላሳ አንድ ጤና ጣቢያዎች የምርመራ ውጤት የሚደርሰው በእኔ በኩል ነው። ድሮ ውጤት በወረቀት ተጽፎ በመኪና ረዳት እጅ ይላክ ነበር። አንድ ጊዜ የአንዲት ልጅ ወረቀት ገበያ መሀል ተነበበና የታጨችለት ልጅ ቤተሰቦች አንፈልግም አሉ፤ ልጅቱም አገር ጥላ ሄደች። ከዚያ በኋላ ነው ፕሮጀክቱ ኢሜይል የሚያሽግ ሶፍትዌር ያመጣው። ደብዳቤው ከክንዱ ኮምፒውተር ሲወጣ ይታሸጋል፤ የሚከፈተው የተላከለት ሰው የሚስጥር ቃሉን ሲጽፍ ብቻ ነው። እኔ አስተላልፈዋለሁ እንጂ ላነበው አልችልም። የሚታየኝ አንድ ነጥብ ነው፦ ከተከፈተ አረንጓዴ፣ ካልተከፈተ ቀይ።

የወገዳው ነጥብ ዘጠኝ ቀን ቀይ ሆኖ አይቼዋለሁ። «ጋሽ አንዳርጌ የክትባት ዘመቻ ላይ ይሆናሉ» ብዬ አለፍኩት። ለዚህ ራሴን እስካሁን ይቅር አላልኩም።

ጋሽ አንዳርጌ በስማዳ የወገዳ ጤና ጣቢያ ነርስ ናቸው፤ ሃያ ስምንት ዓመት እዚያው። ደወልኩላቸው፤ ጠራ፣ አላነሱም። ሰባት ጊዜ ደወልኩ። በመጨረሻ የጤና ጣቢያውን መስመር ስሞክር የጽዳት ሠራተኛዋ አዛለች አነሳችው።

«ጋሽ አንዳርጌ አሉ?»

«አሉ። በሽተኛ እያዩ ነው።»

«አቅርቢልኝ እስቲ፣ ከነፋስ መውጫ ነው በያቸው።»

ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ከናንተ ጋር አይነጋገሩም እኮ። ሽማግሌ ልከዋል» አለችኝ።

«ወደ ማን?»

«ወደ ማን ትያለሽ እንዴ! ወደ እናንተ ነዋ። ትናንት ጠዋት ተነሥተዋል፤ ዛሬ ሳይደርሱ አይቀሩም።»

ያገራችንን ወግ አውቀዋለሁ፤ እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ ተወልጄ ነው ያደግሁት። ሰው ሽማግሌ ከላከ በኋላ ሽማግሌዎቹ ደርሰው እስኪመለሱ ከባለጋራው ጋር ቃል አይለዋወጥም። ቢለዋወጥ ሽማግሌዎቹን ማዋረድ ነው። ግን እኔ ከመቼ ጀምሮ ባለጋራቸው ሆንኩ? አዛለችን «የሚያስቸኩል ጉዳይ አለ በይልኝ» አልኳት። አንድ ሰው ሊሞት ነው ብላት ማታውን ወገዳ ሙሉ ማን እንደሆነ ሲገምት ያድራል፤ ስለዚህ አፌን ያዝኩ። ሄዳ ተመለሰች።

«'ማንነቱ ያልተረጋገጠ ሰው ምን ጉዳይ ያስቸኩለዋል' አሉ።»

ያን ጊዜ ነው የገባኝ።

ሶፍትዌሩ በዓመት አንድ ጊዜ የተጠቃሚውን ማንነት እንደገና ይጠይቃል። ሰውየው የሚስጥር ቃሉን እስኪጽፍ ድረስ የመጣለትን ደብዳቤ አያሳየውም፣ ደብዳቤ መምጣቱንም አይነግረውም። ጥያቄውን በራሱ ጊዜ፣ ጠዋትና ማታ ይልካል። ሲመጣ በእንግሊዝኛ ነበር፤ ወደ አማርኛ የመለስኩት እኔ ነኝ። አጭር ጽሑፍ እወዳለሁ፤ ዙሪያ ጥምጥም የሚናገር ሰው ያናድደኛል። እናቴ «የአንቺስ ሰላምታሽም ክስ ነው» ትለኛለች። መልእክቱን ከፍቼ አየሁት፦

«ማንነትዎ አልተረጋገጠም። በ72 ሰዓት ውስጥ ያረጋግጡ። ካላረጋገጡ የመጠቀም መብትዎ ይነሣል። ግልባጭ፦ ለቅርብ ኃላፊዎ።»

ወሩ ደግሞ የግምገማ ወር ነው። በመሥሪያ ቤቶቻችን ግልባጭ ያለበት ደብዳቤ ደርሶት እንቅልፍ የወሰደው ሠራተኛ አላውቅም። እኚህ ሰው በዘጠኝ ቀን ውስጥ አሥራ ስምንት ጊዜ ደርሷቸዋል።

ከዚያ በኋላ ያለው መጠበቅ ነው። ወደ ክንዱ ደውዬ ነገርኩት፤ «እስከ ማታ ካልተከፈተ ነገ ራሴ እነሣለሁ፣ ግን ወንዙ ሞልቷል አሉ» አለኝ። ተቀመጥኩ፣ ተነሣሁ፣ ቀዩን ነጥብ አየሁ። ወገዳ ካሉት ሰዎች አንዱ በዚያች ሰዓት የማይሠራ ክኒን በውሃ እየዋጠ ነው። ልጅ ያቀፈች እናት ትሁን ተማሪ ይሁን አላውቅም። ክኒኑን እስካሁን የሚውጠው ግን እኔ በጻፍኳቸው አራት መስመሮች የተነሣ ነው።

ስድስት ሰዓት ሲሆን ሦስት ሽማግሌዎች ደጄ ላይ ቆሙ። ጋቢያቸው ረጥቧል፣ እግራቸው እስከ ባታቸው ጭቃ ነው። በአይሱዙ ጭነት ላይ ተሳፍረው፣ ጎርፍ መንገዱን በቆረጠበት ወርደው በእግር ሄደው፣ አርብ ገበያ የምትባል ከተማ አድረው ነው የመጡት። ፊት የቀደሙት መርጌታ ዘካርያስ ናቸው፤ ለጋሽ አንዳርጌ በልጅነታቸው ጾመ ድጓ ያስተማሩ፣ ቀጭን ረጅም ሽማግሌ። ቀጥለው ቄስ ወልደ ጊዮርጊስ ገቡ፤ ከኋላ ጋሽ ካሳ የሚባሉ ገበሬ።

ብድግ ብዬ እጅ ነሣሁ። ጾም ነው፤ ውሃ እንኳ ልሰጣቸው አልችልም። መርጌታ ገና ሳይቀመጡ ሳል ያዛቸው፤ ረጅም ሳል፣ የጋቢያቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ አድርገው ወደ ግድግዳው ዞሩ። «ብርድ ነው ልጄ፣ የመኪናው ላይ ነፋስ መታኝ» አሉ። ነፋስ መውጫ ስሟን ያገኘችው በከንቱ አይደለም፤ እንዳይጎዳቸው ብዬ መስኮቱን ዘጋሁ፣ ወንበራቸውንም ወደ ጠረጴዛዬ አስጠጋሁላቸው።

እኔማ ወዲያው ወደ ጉዳዩ መግባት ፈልጌያለሁ። እነሱ ግን የእኔን ጤና ጠየቁ፣ የእናቴን ጠየቁ፣ እስቴ ዝናቡ እንዴት እንደያዘ ጠየቁ፣ ገብሱ አሽቷል ወይ አሉ። በየመልሱ መሀል ቀዩን ነጥብ በዓይኔ ጠርዝ አያለሁ። በመጨረሻ መርጌታ ከደረት ኪሳቸው የታጠፈ ወረቀት አወጡ። ጋሽ አንዳርጌ መልእክቱን በእጃቸው ገልብጠው ሰጥተዋቸዋል፣ ባማረ የቄስ ትምህርት ቤት ጽሕፈት። መርጌታ ቆመው በዚያ ዜማ በለመደ ድምፅ አነበቡት፦ «ማንነትዎ አልተረጋገጠም።»

ሲያነቡት ጆሮዬ ጋለ። እኔ ስጽፈው እንዲህ አልተሰማኝም ነበር።

«ይህ ሰው» አሉ ቄስ ወልደ ጊዮርጊስ፣ «ከስማዳ ልጅ እኩሌታውን ያዋለደ ሰው ነው። የኔን ሦስት ልጆች እሱ ነው የተቀበላቸው። ማንነቱን ያላወቀው ማነው? ጥፋት ካለበት ይነገረውና ይካስ። ከሌለበትም ስሙ ይመለስለት።»

«አባቶቼ» አልኩ፣ «ይኼንን የጻፈው ሰው አይደለም። ማሽኑ ራሱ ነው የሚልከው። ደግሞም አንቱ ብሎ ነው የሚጽፈው፣ ይዩት።»

«አንቱ ብሎ መግፋትም አለ» አሉ መርጌታ።

ጋሽ ካሳ እስካሁን አልተናገሩም ነበር። ዱላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ኮምፒውተሩን ሲያዩት ቆዩና፣ «እንግዲህ ማሽኑ አማርኛ ከማን ተማረ?» አሉኝ።

ከዚህ በፊት ለሠላሳ አንድ ጤና ጣቢያ ቅሬታ «ሲስተሙ ነው» ብዬ አልፌያለሁ፤ ማንም እንዲህ ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም። ልዋሽ እችል ነበር፤ ባሕር ዳር ነው የተሠራው፣ ፈረንጅ ነው የላከው ማለት ይቻላል። ግን ነጥቡ ቀይ ነው፣ እነዚህ ሰዎች አጥፊውን ካላገኙ እርቅ የለም፣ እርቅ ከሌለ ጋሽ አንዳርጌ አይከፍቱም።

«ከእኔ» አልኩ። «የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

ቁጣ ጠብቄ ነበር፤ ፊታቸው ላይ ያየሁት ግን እፎይታ ነው። አጥፊ ተገኘ፤ ሰው ነው፤ ሊታረቁት ይችላሉ።

ጠረጴዛዬ ላይ ወረቀቴን ነፋስ እንዳይወስደው የምጭንበት ዳቦ የሚያክል ጥቁር ድንጋይ አለ። አባቴ ከጎረቤት ጋር ሲታረቅ በልጅነቴ አይቻለሁ። ድንጋዩን አንሥቼ በማጅራቴ ተሸከምኩና በጉልበቴ ተንበረከክሁ። ኮምፒውተር የተማረች ሴት በቢሮዋ ወለል ላይ ድንጋይ ተሸክማ፤ ያየኝ ቢኖር ይስቅ ነበር፣ ለእኔ ግን የሚያስቅ አልነበረም። «ይቅር በሉኝ» አልኩ። «ሰውየውን ልንቅ ብዬ አይደለም። ስለቸኮልኩ ነው።»

«ይቅር ለእግዚአብሔር» አሉ ቄስ ወልደ ጊዮርጊስ። መርጌታ ጎንበስ ብለው ድንጋዩን በሁለት እጃቸው ከማጅራቴ አወረዱልኝና ወለሉ ላይ አኖሩት። ትንፋሻቸው ፊቴን ነካኝ፤ ትኩስ ነበር። «ትኩሳት አለብዎት እንዴ?» ስላቸው «ድካም ነው» አሉኝ።

«በሉ አሁን ይደውሉላቸው» አልኩ፤ ችኮላዬ መልሶ መጣ።

«ቆዪ» አሉ መርጌታ። «ያ መልእክት ነገ ጠዋት ደግሞ ቢመጣበትስ? ዛሬ አስታርቀን ነገ ልትሰድቢው ነው? መጀመሪያ እሱ ይቃና።»

«መርጌታ፣ ሰዓት የለንም። ወገዳ ያለ የታመመ ሰው ጉዳይ ነው የያዝኩት።»

«እና ያንን ለምን አልጻፍሽለትም?» አሉ ዓይኖቻቸውን ከፍ አድርገው። «ከዚህ ሁሉ 'አልተረጋገጠም' ውስጥ የታመመ ሰው የት አለ?»

እውነታቸውን ነው። የጎደለው እሱ ነው። ተቀምጬ መጻፊያውን ከፈትኩ። ወዲያው መብራት ጠፋ፤ ኮምፒውተሩን የሚያቆየው ባትሪ መጮህ ጀመረ። ከሃያ ደቂቃ በላይ አይዝም።

«ሰላም በይው በቅድሚያ» አሉ መርጌታ፣ ለጩኸቱ ቁብ ሳይሰጡ።

«የሚጻፍበት ሳጥን ጠባብ ነው፣ ብዙ ፊደል አይችልም።»

«አስፊዋ! ሳጥኑን የሠራው ማነው?»

አሰፋሁት።

«አሁን ደግሞ ይህ ዕቃ ለምንድነው ሰውን ማን ነህ የሚለው? ንገሪኝ።»

«ደብዳቤው ሌላ ሰው እጅ እንዳይገባ ነው። ላኪው ከተላከለት ሰው በቀር ለማንም አታሳይ ብሎታል።»

መርጌታ ወንበራቸው ላይ ቀጥ አሉ። «ይኼማ አደራ ነው! አደራ በይዋ! አደራ የተቀበለ ሰው ማን ነህ ብሎ ቢጠይቅ ማን ይቀየማል?» ሳል አቋረጣቸው፤ በጋቢያቸው ጫፍ አፋቸውን ጠርገው ቀጠሉ። «ደግሞ ድክመቱን ወደ ራስሽ አዙሪው። 'እርስዎ አልታወቁም' አይባልም። 'እኔ ላውቅዎ አልቻልኩም' ነው የሚባለው። ማስፈራሪያውን አውጪው። ግልባጩንም አውጪው፤ ሰው ከጎረቤቱ ፊት አይጠየቅም። ስምሽን ጻፊበት፣ ፊቱን የሸፈነ ሰው አይለምንም።»

እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦

«ጤና ይስጥልኝ። የታሸገ ደብዳቤ ይዤልዎት መጥቻለሁ። ከእርስዎ በቀር ለማንም እንዳልሰጥ አደራ አለብኝ፤ ዓይን የለኝምና እርስዎ መሆንዎን ማወቅ አልቻልኩም። የሚስጥር ቃልዎን ቢጽፉልኝ ወዲያው አስረክብዎታለሁ። የታመመ ሰው ጉዳይ ሊሆን ይችላልና እንዳይዘገዩብኝ እለምንዎታለሁ። ዕፀገነት፣ ከነፋስ መውጫ።»

ሳነበው መርጌታ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ። ጋሽ ካሳ «እንዲህ ያለውን እኔም እከፍተው ነበር» አሉ። ባትሪው ሊያልቅ ሁለት ደቂቃ ሲቀረው ላክሁት። መርጌታ በጋሽ ካሳ ስልክ ደወሉ፤ ጋሽ አንዳርጌ በመጀመሪያው ጥሪ አነሡ።

«አንዳርጌ፣ ታርቀናል። ጥፋቱ የልጅቱ ነበር፣ አምናለች፣ ድንጋይም ተሸክማለች። አንተን የጠረጠረህ የለም። አሁን ሌላ መልእክት መጥቶልሃልና ሂድና ክፈተው፤ በሽተኛ የሚጠብቅበት ነው ትላለች።»

ኮምፒውተሩ ጠፋ። ጨለማ ስክሪን ፊት ለፊት ተቀምጬ ነጥቡ ምን እንደሆነ ሳላውቅ ስንት ደቂቃ እንደቆየሁ እንጃ። ጋሽ አንዳርጌ ቤታቸው ገብተው ከሆነ ጤና ጣቢያው ድረስ መሄድ አለባቸው። ወገዳም መብራት ጠፍቶ ቢሆንስ? የሚስጥር ቃላቸውን ረስተውት ቢሆንስ? መርጌታ መጨነቄን አይተው ወንበራቸውን ይበልጥ አስጠጉና ጉልበቴን መታ መታ አደረጉኝ። «አይዞሽ። ያ የታመመ ሰው ማንም ይሁን ማን፣ እግዚአብሔር ያውቀዋል» አሉ። በዝቅተኛ ድምፅ ለማይታወቀው ሰው ጸለዩለት። ቄሱም ጋሽ ካሳም አሜን አሉ፤ እኔም አሜን አልኩ።

መብራት መጣ። ኮምፒውተሩ እስኪነሣ ጥፍሬን በላሁ። ነጥቡ አረንጓዴ ነበር።

ጮህኩ መሰለኝ። ጋሽ ካሳ ዱላቸውን ወለሉ ላይ መቱ፣ መርጌታ ሳቁ፣ ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ። ያን ጊዜ ስልኬ ጠራ፤ ጋሽ አንዳርጌ ናቸው። ጤናዬን ጠየቁኝ፤ ይቅርታ ብዬ ሳልጨርስ «እሱ አልፏል ልጄ» አሉኝ። ድምፃቸው ግን ልክ አልነበረም፤ እንደ ሮጠ ሰው ነው የሚተነፍሱት።

«መርጌታ ካንቺ ዘንድ ናቸው?»

«አዎ፣ አጠገቤ ናቸው።»

«አጠገብሽ? ስልኩን ስጫቸው።»

ሰጠኋቸው። መርጌታ ቆመው ሰሙ። «እህ» አሉ። ቆይተው ደግሞ «እህ»። ከዚያ ቀስ ብለው «የእኔ ነው?» አሉ። ፊታቸው አልተለወጠም፤ ነፃ እጃቸው ብቻ የጋቢያቸውን ጫፍ ፈልጎ ወደ አፋቸው ወሰደው። «ይሁን። ስሙ ይመስገን» ብለው ስልኩን በእጄ ሳይሆን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት፤ ወደ ኋላ፣ ግድግዳው እስኪነካቸው ድረስ ራቁ።

«ውጪ» አሉኝ።

አልገባኝም። «ምን ላምጣልዎት፣ መርጌታ?»

«መስኮቱን ክፈቺና ውጪ! ካሳ ውጣ! አባ፣ ይውጡ! አሁኑኑ!»

የክንዱ ደብዳቤ የማን እንደነበር ያን ጊዜ ገባኝ። መስኮቱን በረገድኩት። ነፋሱ ገባ፤ ድንጋዩ ወለሉ ላይ ነበርና ጠረጴዛው ላይ ያለው ወረቀት ሁሉ ተነሥቶ በክፍሉ ተበተነ። ማንም አልለቀመውም። ሦስታችንም ወጥተን በሩን ዘጋነው።

ከጣራው ጠርዝ ሥር ቆምን። ዝናብ ነው። ጋሽ ካሳ ዱላቸውን ይዘው መሬት መሬት ያያሉ፤ ቄሱ መስቀላቸውን በእጃቸው ጨብጠዋል። ከሁለት ሰዓት በላይ በዚያች ክፍል ከመርጌታ ጋር ጉልበት ለጉልበት ተቀምጬ ነበር፣ መስኮቱንም የዘጋሁት እኔ ነኝ። ፈራሁ፤ ለራሴም ለእሳቸውም ፈራሁ፤ የትኛው እንደሚበልጥ መለየት አቃተኝ።

ቆይቶ ከበሩ ወዲያ ድምፃቸው መጣ፣ እንደ ቀድሞው ዝግ ያለና የተመጠነ።

«ልጄ ዕፀገነት፣ ደህና ነሽ? ሰላም ሳልልሽ፣ ምክንያቱንም ሳልነግርሽ አዘዝኩሽ። ይቅር በይኝ።»

«ይቅር ለእግዚአብሔር፣ መርጌታ። እኔ ደህና ነኝ» አልኩ።

ወግ ነውና እኔም በተራዬ እርስዎስ ደህና ነዎት ወይ ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ። አልቻልኩም።